“የኩላሊት ዪን ጉድለት አለብሽ” ሲባል ኩላሊት ታሟል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ “ዕድሜዬ 50 ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። የወር አበባዬ ከቀረ ስምንት ወር ሆነው። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። በትንሽ ነገር ቱግ እላለሁ። ጓደኛዬ አኩፓንክቸር (የመርፌ ሕክምና) የሚሠራ ቻይናዊ ባለሙያ ጋ ወሰደችኝ። ምላሴን አየ፣ ሁለቱንም እጄን ይዞ ብዙ ዝም አለ፣ ከዚያ ‘የኩላሊት ዪን ጉድለት አለብሽ’ አለኝ። እናቴ የሞተችው በኩላሊት ስለሆነ በጣም ደነገጥኩ። ሄጄ ደም ስመረመር ኩላሊትሽ ደህና ነው አሉኝ። ጥቁር ትንንሽ ክኒኖችም ሰጥቶኛል። አምስት ሺህ ዓመት የተፈተነ ነው ብሎኛል። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። የተሳሳተው ማን ነው? ክኒኑንስ ልውሰድ?”

ምላሽ፦ ስለ ኩላሊትዎ ማንም አልተሳሳተም። ላብራቶሪው ያየው አንድ ነገር ነው፣ ባለሙያው የተናገረው ደግሞ ሌላ። ያስደነገጥዎ ሁለቱ ነገሮች አንድ ስም መጋራታቸው ነው። ክኒኑን ግን ለጊዜው አይውሰዱ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

እኔ የማህፀን ሐኪም ነኝ። ሕክምና የተማርኩት ቻይና ነው። እዚያ ዘመናዊ ሕክምና የሚማር ተማሪም የባህል ሕክምናውን ኮርስ ይወስዳል። በሆስፒታሉ የባህል ሕክምና ክፍል ከሽማግሌ ሐኪሞች ጀርባ ቆሜ ብዙ ታካሚዎች ሲታዩ አይቻለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ነገሩን ከውስጡ አይቼው ነው።

ከቃሉ እንጀምር። እኛ “ሐሞቱ ፈሰሰ” ስንል ማንም ተነስቶ አልትራሳውንድ አያዝም። “አንጀቴ አረረ” ያለችንን ሴት ጨጓራ ሐኪም ጋ አንወስዳትም። በአማርኛ ሐሞት ወኔ ነው፣ አንጀት ርኅራኄም ሐዘንም ነው፣ ሆድ ደግሞ የምስጢር ማስቀመጫ ነው። ቻይናዎችም እንዲሁ ይናገራሉ። ሐሞት በእነሱም ቋንቋ ወኔ ነው፤ ደፋሩን ሰው “ሐሞቱ ትልቅ ነው” ይሉታል። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ጎንደር ያለሁ መስሎኝ ነበር። ልዩነቱ፣ እኛ ጋ አነጋገር ሆኖ የቀረው ነገር እነሱ ጋ ሙሉ የሕክምና ሥርዓት ሆኗል።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ “ሸን” የሚሉት አለ። ተርጓሚዎች “ኩላሊት” ብለውታል። ሸን ግን ሽንት ከማጣራት በጣም የሰፋ ነገር ነው። ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው የሕይወት ስንቅ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ማደግ፣ መውለድ፣ አጥንት፣ ጥርስ፣ የራስ ጠጉር፣ የጆሮ መስማት፣ ማርጀት ሁሉ በእሱ ሥር ይመደባል። ባለሙያው “ሸን ደክሟል” ሲል “ስንቅዎ እየቀነሰ ነው” ማለቱ ነው። ክሬቲኒን የሚባለው የኩላሊት የደም ምርመራ ይህን አይለካም። ሊለካም አልተፈጠረም። የሚያሳዝነው፣ ዘመናዊው የቻይና ሐኪምም ትክክለኛውን ኩላሊት የሚጠራው በዚያው ቃል ነው። ስለዚህ ቻይናዎቹ ታካሚዎችም እንደ እርስዎ ይደነግጣሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ እውነተኛ የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው “ሸን ማጠናከሪያ” እየገዛ ጊዜውን ማቃጠሉ ነው።

የእርስዎ ምልክቶች ማረጥ ሲቃረብ የሚመጡትን ይመስላሉ፤ ማረጥ ደግሞ ከሸን ጋር የተያያዘው ከጥንት ነው። ሁዋንግዲ ኔይጂንግ የሚባለው የቻይና ሕክምና መሠረት የሆነ መጽሐፍ የሴትን ዕድሜ በሰባት በሰባት ይከፍለዋል። በ7 ዓመቷ ጥርሷ ይለወጣል። በ14 “ቲያንጉዪ” የሚባለው የመውለድ ኃይል ይመጣና የወር አበባ ታያለች። በ28 አጥንትና ጅማቷ ይጠነክራል። በ35 ፊቷ መጠውለግ፣ ጠጉሯ መርገፍ ይጀምራል። በ42 ጠጉሯ ይሸብታል። በ49፣ ማለትም ሰባት ጊዜ ሰባት ሲሞላ፣ ቲያንጉዪ ያልቃል፣ የደሙ መንገድ ይዘጋል፣ መውለድ ይቆማል። ዛሬ በአሜሪካ አማካዩ የማረጫ ዕድሜ 51 አካባቢ ነው። ሆርሞን የሚባል ነገር ሳያውቁ ይህን ያህል መቅረባቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ልብ ይበሉ፣ ጽሑፉ ይህን እንደ በሽታ አይቆጥረውም። ዛፍ ቅጠሉን እንደሚያራግፍ ነው የሚያየው። ሕክምና የሚያስፈልገው ሽግግሩ ሲያንገላታ ብቻ ነው።

ዪን እና ያንግ የሚባሉትን ለመረዳት ሽሮ ድስት ያስቡ። ሽሮው ሲቀጥን በጸጥታ ይፈላል። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ያንኑ እሳት ይዞ ቱፍ ቱፍ ማለት ይጀምራል፣ ምድጃውንም እጅንም ይረጫል። እሳቱን ማንም አልጨመረም። ያነሰው ውሃው ነው። ዪን ውሃው ነው፣ ማቀዝቀዣውና ማርጠቢያው። ያንግ እሳቱ ነው። በቻይና ሕክምና አነጋገር የእርስዎ ሙቀት “ባዶ ሙቀት” ነው። እሳት ስለበዛ ሳይሆን የሚያበርደው ስላነሰ የሚመጣ ማለት ነው።

ምልክቶቹ ሁሉ አንድ ላይ የሚሰፉት ከዚህ ነው። ሌሊት የዪን ጊዜ ነው፤ ዪን ካነሰ ላቡ ሌሊት ይመጣል። መዳፍ፣ የእግር ውስጥና ደረት ይግላሉ። እኔ ጋ የሚመጡ ብዙ ሴቶች ሳይጠየቁ “ሌሊት እግሬን ከብርድ ልብሱ አወጣዋለሁ” ይሉኛል። ቻይናዊው ሐኪም ይህችን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ግማሽ ምርመራውን ጨርሷል። አፍ ይደርቃል፣ ግን በጉንጭ በጉንጭ እንጂ ብርጭቆ ሙሉ አያስጠጣም። ወገብ ይደክማል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ብልት ይደርቃል።

ቱግ ማለትዎስ? እዚህ ጉበት ይገባል። በእነሱ አስተሳሰብ ኩላሊት ውሃ ነው፣ ጉበት እንጨት ነው። ውሃ ያጣ እንጨት ይደርቃል፣ የደረቀ እንጨት ቶሎ ይያያዛል። ቁጣ ከዚያ ይመጣል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የልብ ነው። ልብ እሳት ነው፣ ከታች የሚወጣው ውሃ ካልደረሰው አእምሮ ማረፊያ ያጣል። ስለዚህ “የኩላሊት ዪን ጉድለት” የተባለው የሥሩ ስም ነው። ባለሙያው ጉበትንና ልብንም አስቦ ይሆናል፣ ለእርስዎ አልዘረዘረም እንጂ።

ሁሉም ያረጠች ሴት ግን ይህ ስም አይሰጣትም። አንዷ ሙቀቱ እያለባትም እግሯ በረዶ ነው፣ ጠዋት ፊቷ ያብጣል፣ ሌሊት አሥር ጊዜ ለሽንት ትነሳለች፣ ሆዷ ይለሰልሳል። እሷ ያንግ ጎድሏታል ይባላል። ሌላዋ ደግሞ ዋናው ነገሯ ማልቀስ፣ ጡት መወጠርና ማቃሰት ይሆናል፤ የጉበት መታፈን ይሉታል። ሁለቱም፣ ዪንም ያንግም፣ የጎደላት ብዙ ናት። በዘመናዊው ሕክምና ሦስቱም አንድ ስም አላቸው፤ በባህላዊው ሦስት የተለያየ ሕክምና ይታዘዝላቸዋል። የሌላ ሴት ክኒን መውሰድ በእነሱም ሕግ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ምርመራው አራት መንገድ አለው፦ ማየት፣ መስማትና ማሽተት፣ መጠየቅ፣ መዳሰስ። እርስዎን ግራ ያጋባዎት ዝምታ መዳሰሱ ነው። ሐኪሙ በአውራ ጣትዎ በኩል፣ አንጓዎ ላይ ሦስት ጣት ያሳርፋል። በመጀመሪያ ላላ አድርጎ፣ ቀጥሎ ትንሽ ጫን ብሎ፣ ከዚያ እስከ አጥንቱ። እያንዳንዱ ጣት ሥር የተለየ አካል አለ ተብሎ ይታሰባል። በግራ አንጓዎ ላይ፣ በሐኪሙ የቀለበት ጣት ሥር ያለው ኩላሊት ነው። የዪን ጉድለት ምት እንደ ክር ቀጭንና ፈጣን ነው። የጉበት ምት እንደ ተወጠረ የክራር ክር ነው። የያንግ ጉድለት ምት ጠልቆ የሚገኝ፣ ደካማ ነው። ምላስ ላይ ደግሞ ጫፉ የልብ፣ ጎኖቹ የጉበት፣ መሃሉ የሆድ፣ ሥሩ የኩላሊት ነው ይላሉ። ቀይ፣ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ሽፋን ያጣ ምላስ ዪን ማነስን ያመለክታል። ገርጥቶ ያበጠ፣ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት ያለበት ምላስ ወደ ያንግ ጉድለት ያደላል።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህን የትም ተጽፎ ስላላየሁ ረዘም አደርገዋለሁ። የጥቁር ሰው ምላስና ድድ ላይ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ መኖሩ ተፈጥሮ ነው። ልምዱ የሌለው ባለሙያ ግን ጠቆር ያለ ነጥብ ሲያይ “የደም መርጋት” ብሎ ሊያነበው ይችላል። ድድዎ ንቅሳት ካለው ደግሞ ቀድመው ይንገሩት። ቡና ጠጥተው ከሄዱ ሽፋኑ ይጠቁራል። እርድ የበዛበት አልጫ በልተው ከሄዱ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫ ሽፋን ለእነሱ የሙቀት ምልክት ነው። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ከሄዱ ማንም ምላስ ይደርቃል፣ ማንም ምት ይቀጥናል። የግፊት መድኃኒትዎ ቤታ ብሎከር ከሆነም የልብ ምትዎን ያዘገየዋል፤ ያኔ “ፈጣን ነው፣ ዘገምተኛ ነው” የሚለው ንባብ ዋጋ ያጣል።

ከጣትና ከዓይን የተሠራ ምርመራ ስለሆነ ሁለት ባለሙያዎች አንዲትን ሴት አይተው የተለያየ ስም ሊሰጧት ይችላሉ። ይህ የተለመደ ነው። በጥናትም ተደጋግሞ ታይቷል። ስለዚህ ስሙን እንደ ላብራቶሪ ውጤት አይያዙት። የምልክቶችዎ አሰላለፍ መግለጫ ነው። በዚያ ልክ ጥሩ ነገር አለው፤ እንቅልፍዎን፣ ቁጣዎንና ላብዎን አንድ ላይ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ብዙዎቻችን ሐኪሞች አሥር ደቂቃ ሰጥተን እንሸኛለን።

ዘመናዊው ማብራሪያ ደግሞ ወደ ጭንቅላት ይወስደናል። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የሰውነትን ሙቀት ይቆጣጠራል። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲወርድ እዚያ ያሉ የነርቭ ሴሎች ከልክ በላይ ይነቃሉ። ሰውነት ሳይሞቅ “ሞቀኝ” ይላል። ቆዳ ላይ ያሉ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ላቡ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ብርድ ብርድ ይላል። ይህ የሚለካ ነገር ነው፤ መድኃኒቶቹም የሚሠሩት እዚያው ላይ ነው።

“አምስት ሺህ ዓመት የተፈተነ” የሚለውን ልተውልዎ አልችልም። ሁዋንግዲ ኔይጂንግ ዕድሜው 2 ሺህ ዓመት ግድም ነው። ለዪን ጉድለት በብዛት የሚሰጠው ጥቁር ክኒን ሊዩ ዌይ ዲ ሁዋንግ ይባላል፤ ስድስት ዕፅ አለው። ቀመሩ የመጣው ቺየን ዪ ከሚባል የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ የታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1119 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንዲሁ ናቸው)። የታሰበው ዕድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት ነበር! ኤር ሺየን ታንግ የሚባለው የማረጥ ቀመር ደግሞ የተሠራው ሻንጋይ ውስጥ በ1950ዎቹ ነው። በጥንቶቹ መጻሕፍት ማረጥ ራሱን የቻለ የበሽታ ምዕራፍ አልነበረውም። ምልክቶቹን ሰብስቦ አንድ ርዕስ የሰጣቸው የ20ኛው ክፍለ ዘመን የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ይህ ነውር አይደለም። ግን ዕድሜ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ እውነተኛውን ዕድሜ ማወቅ አለብዎት።

ታዲያ ይሠራል ወይ? አውስትራሊያ ውስጥ በ2016 የወጣ ጥናት የእርስዎን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል። 327 ሴቶች ገብተውበታል፣ ሁሉም “የኩላሊት ዪን ጉድለት” የተባሉ። ግማሾቹ እውነተኛ አኩፓንክቸር፣ ግማሾቹ ቆዳ የማይበሳ የማስመሰያ መርፌ ተደረገላቸው፣ በስምንት ሳምንት አሥር ጊዜ። የሁለቱም ወላፈን (ድንገት የሚመጣው ሙቀትና ላብ) 40 ከመቶ ያህል ቀነሰ። ልዩነት አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣ የሰሜን ካሮላይና ጥናት ደግሞ 209 ሴቶችን ይዞ፣ አኩፓንክቸር ያገኙት ገና ተራ ከሚጠብቁት በጣም እንደተሻሉ አሳየ። ሁለቱን ሳስተያይ የምረዳው ይህ ነው፦ እፎይታው እውነት ነው፣ ግን የሚመጣው ከመርፌው ነጥብ ሳይሆን ከማረፉ፣ ከመደመጡና ከተስፋው ይመስላል። ዕፆቹ ላይ ማስረጃው ከዚህም ይሳሳል። “የሴቶች ሥር” የሚባለው ዳንግ ጉዪ ብቻውን በ1997 በ71 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ከባዶ ክኒን አልተሻለም። የአሜሪካው የማረጥ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ባወጣው መመሪያ ለወላፈን አኩፓንክቸርንም ዕፆችንም አልመከረም።

አሁን ወደ ክኒኑ። “ተፈጥሮ ነው” ማለት “አይጎዳም” ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ቦርጭ ለመቀነስ የቻይና ዕፅ የተሰጣቸው መቶ ያህል ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ። አንዱ ዕፅ ስሙ በሚመሳሰል መርዛማ ዕፅ ተተክቶ ነበር። ብዙዎቹ ዳያሊስስ ወይም ንቅለ ተከላ ያስፈለጋቸው በዚህ ነው፤ በኋላም የሽንት መስመር ካንሰር የያዛቸው ነበሩ። እናትዎን በኩላሊት ያጡ ሰው ነዎትና ይህን ቀለል አድርጌ ላልፈው አልችልም። ጋን ጻኦ የሚባለው ጣፋጭ ሥር፣ በእንግሊዝኛው ሊኮሪስ የሚሉት፣ በብዙ የቻይና ቀመሮች ውስጥ አለ። ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ያወርዳል፤ ለእርስዎ የሚስማማ አይደለም። ሄ ሾው ዉ የሚባለው፣ ሽበት ያጠቁራል እየተባለ የሚሸጠው፣ ጉበት አበላሽቷል። ዳንግ ጉዪ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ በሚወስድ ሰው ላይ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ክኒኑን አይውሰዱ፤ ጀምረው ከሆነም ያቁሙ። ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። የዕፆቹ ስም ሙሉ በሙሉ ካልተጻፈበት ይጣሉት። ሐኪምዎ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራና የደም ሴሎች ቆጠራ ይዘዙልዎ፤ የበዛ ታይሮይድም ላብ፣ ቁጣና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። ከላቡ ጋር ክብደት ከቀነሱ፣ ትኩሳት ወይም ሳል ካለዎት ሳንባ ነቀርሳም መታየት አለበት፤ አሜሪካ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ላይም ተኝቶ ቆይቶ ይነሳል። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ሳይሞላ አርጠዋል አይባልም፤ እስከዚያ እርግዝና መከላከያ አይተዉ። አሥራ ሁለት ወር ከሞላ በኋላ ደም ካዩ፣ ጠብታም ብትሆን፣ በዚያው ሳምንት ይታዩ። ይህን ማንም ምላስ አይቶ ሊያልፈው አይገባም።

ሌላ ችግር ካልተገኘ፣ ግፊትዎ ቁጥጥር ሥር ከሆነ፣ የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ታሪክ ከሌለዎት፣ ወላፈንን በደንብ የሚያጠፋው ሆርሞን ነው። በዕድሜዎም ጊዜው አላለፈም። ግፊት ላለበት ሰው በቆዳ የሚለጠፈውን ኢስትሮጅን እመርጣለሁ፤ ማህፀንዎ ስላለ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው ሆርሞን አብሮ ግድ ነው። ሆርሞን ካልፈለጉ ፌዞሊኔታንት የሚባል መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ የጉበት ክትትል ይጠይቃል። ለወላፈኑም ለእንቅልፉም በንግግር የሚሰጥ የባህሪ ሕክምናም አለ። “ታገሺው፣ ያልፋል” የሚሉዎትን አይስሙ። በ2015 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ወላፈን ለግማሾቹ ሴቶች ከሰባት ዓመት በላይ እንደሚቆይ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ደግሞ ከአሥር ዓመት እንደሚያልፍ አሳይቷል። አሥር ዓመት እንቅልፍ አጥቶ መታገሥ የለም።

መርፌውን ከወደዱት አልከለክልዎትም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሁን፣ መርፌው አንዴ ተጠቅመው የሚጣል ይሁን። ስንት ጊዜ እንዳላብዎ በየሌሊቱ ይጻፉ። ከአሥር ጊዜ በኋላ ደብተሩ ለውጥ ካላሳየ ገንዘብዎን ይቆጥቡ።

የቀረው የራስዎ ኩላሊት ነው፣ እውነተኛው። ግፊት አለብዎት፣ እናትዎም በኩላሊት ነው ያለፉት። የደም ምርመራው ብቻ አይበቃም፤ ኩላሊት ሲጀምረው ክሬቲኒን ሳይነካ ሽንት ላይ ፕሮቲን ሊያፈስ ይችላል። የሽንት አልቡሚን (የዚያ ፕሮቲን) ምርመራ ጠይቀው ያሠሩ፣ በየዓመቱም ይድገሙት። ይህ ከማረጡ ጋር ግንኙነት የለውም። ያ ቻይናዊ ባያስደነግጥዎትም መደረግ የነበረበት ነው።